እናቴን ይዤ የጃፓን የድሮ ቤቶችን ላሳያት ነበር፤ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ቶኪዮ ነው። እናቴ ከጎጃም ልትጠይቀኝ መጥታለች፤ አብረን የምንወጣበት የቀረን አንድ እሑድ ብቻ ነው።

ልቤ ያለው ቶኪዮ አጠገብ ባለችው ካዋሳኪ ከተማ፣ ኒሆን ሚንካ-ኤን ላይ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 የተከፈተ ሙዚየም ነው። ከየገጠሩ የተነሱ የድሮ የገበሬ ቤቶች እዚያ እንደገና ተተክለዋል። በአንዳንዶቹ ምድጃ ላይ እሳት ይነዳል፤ ጭሱ የሣር ክዳኑን ከነፍሳትና ከእርጥበት ይጠብቃል። አንዴ ብቻዬን ሄጄ ነበር። የጣሪያው እንጨት ጥላሸት ጠጥቶ ጠቁሯል፣ ልክ እንደ አያቴ ጎጆ። ያንን ሽታ እማዬ ብታሸተው ብዬ በጣም ጓጓሁ።

ችግሩ ጉልበቷ ነው። ቦታው ዳገት ነው፣ ደረጃም አለው። ቤት ውስጥ ለመግባት ደግሞ ጫማ አውልቆ ከፍ ያለ ወለል ላይ መውጣት ይጠይቃል። እዚሁ ቶኪዮ፣ ኮጋኔይ ፓርክ ውስጥ ያለው የኤዶ-ቶኪዮ የድሮ ሕንፃዎች ክፍት ሙዚየም ግን ሜዳ ስለሆነ ይቀላል። እዚያም የሣር ቤቶች አሉ፤ የድሮ ሱቆችና የሕዝብ መታጠቢያ ቤትም አለ።

አዛውንት ይዛችሁ የሄዳችሁ፣ ሚንካ-ኤን ላይ ዳገቱን ሳንወጣ ከታች ያሉትን ቤቶች ብቻ ብናይ ይበቃል? እሑድ ጠዋት እሳቱ የሚነደው የትኛው ቤት ነው? ኮጋኔይስ እሳት ዳር አረፍ ማለት ይቻላል? እስከ ዓርብ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።