ቡና ሲፈላ የማነሳው ፎቶ ድባቡን ለምን ያጣል?

ጥያቄ (ከደሴ)፦
እናቴ ቡና ስታፈላ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ክፍሉ ለዓይን ሞቅ ያለ ሆኖ ሳለ፣ ፎቶው ላይ ግን ሁሉም ነገር እኩል ደምቆ፣ የእጣኑ ጭስ ጠፍቶ፣ የእናቴም ፊት ገርጥቶ ይወጣል። ጣሪያው ላይ ነጭ የኤልኢዲ አምፖል አለ፤ መስኮቱ ደግሞ ወደ ጦሳ ተራራ ያያል። ተጨማሪ መብራት ሳልገዛ ምን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦
በቅድሚያ አምፖሉን ያጥፉት። ከጣሪያ የሚወርድ ብርሃን ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ማዕዘኑን ሁሉ ስለሚያበራ፣ ለድባብ የሚያስፈልገው ጨለማ ቦታ ያጣል። ረከቦቱን ወደ መስኮቱ ያስጠጉና እናትዎ መስኮቱን በጎናቸው አድርገው ይቀመጡ፤ ወደ መስኮቱ በቀረቡ መጠን ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ከፊታቸው አንጻር እየጨለመ ይሄዳል። የጥላው ወገን ከመጠን በላይ ከጠቆረ፣ ነጭ ነጠላ በዚያ በኩል መዘርጋት ብርሃኑን መልሶ ያለሰልሰዋል። ጭስ ጎልቶ የሚታየው ብርሃኑ ከበስተጀርባው ሲመጣና ከኋላው ጠቆር ያለ ነገር ሲኖር ስለሆነ፣ መስኮቱን ከፎቶው ክፈፍ ውጭ ትተው ከጭሱ ጀርባ በሰያፍ እንዲያበራ አድርገው ይቁሙ።

ሌላ መልስ (ከኮምቦልቻ)፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ስልኩ ራሱ ካልተገታ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ካሜራ ጨለማውን ክፍል መካከለኛ ብርሃን ያለው ለማስመሰል ይሞክራል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ብርሃን ያረፈበትን ጉንጭ ይንኩና ድምቀቱን ዝቅ ያድርጉ፤ ብዙ ምስሎችን አጣምሮ ጥላውን የሚያነጣውን የሌሊት ሞድም ይዝጉት። የፊቱ መገርጣት ምናልባት የቀለም መቀላቀል ነው፤ ነጭ ኤልኢዲ ብዙ ጊዜ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቀይ፣ ሲበዛ ወደ ሰማያዊ ያደላል) ገደማ ሲሆን የሻማ ነበልባል ግን 1900 አካባቢ ነው። ስልክዎ ፕሮ ሞድ (ቅንብሩን በእጅ የሚያስተካክሉበት) ካለው የቀለም ሚዛኑን 5500 ላይ ያቁሙት፤ አውቶማቲኩ የፍሙን ቅላት ያጥበዋል።

ሌላ መልስ (ከደሴ)፦
ስለ ሰዓቱ ልጨምር። ጦሳ ከከተማችን በስተምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ተራራው ይጋርዳታል፤ በመሆኑም ፎቶ አንሺዎች የሚያወድሱት ወርቃማው የማታ ብርሃን እኛ ዘንድ ቶሎ ያልፋል። ይህ ለእርስዎ ጉዳት አይደለም። ሰማዩ ገና ብሩህ እያለ በመስኮቱ የሚገባው ለስላሳና ሰማያዊ ያዘለ ብርሃን ፍሙን ይበልጥ ቀይ አድርጎ ያሳያል። በክረምት በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ተራራ ጉም ሲሸፍነው ጉሙን ራሱን ካነሱ ግን የድምቀቱ ምክር ይገለበጣል፤ ካሜራው ነጩን ጉም ግራጫ ስለሚያደርገው ድምቀቱን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይገባል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። መብራት ሲጠፋ በሻማስ?

መልስ፦
ሻማውን ከጀበናው ኋላ ይደብቁት፤ ነበልባሉ በቀጥታ ከታየ ካሜራው እሱን ብቻ ተከትሎ ፊቱን ያጨልመዋል። ስልኩንም በርጩማ ላይ ያስደግፉት፤ ብርሃን ሲያንስ የእጅ መንቀጥቀጥ ምስሉን ያደበዝዘዋል።