«ና»ን በ«እና» ልተካ ብዬ ጽሁፌ ሁሉ ተበላሸብኝ፣ ድረሱልኝ

ፊደል_ወዳድ፦ ሰላም ቤቶች፣ ነገ ጠዋት የማስረክበው 30 ገጽ አለ፣ «ና» የምትለው አጭር ቃል በየቋንቋው ምን ማለት እንደሆነች ነው የምጽፈው፣ አሁን በየቃሉ የተቀጠለችውን -ና ወደ «እና» ልቀይር ብዬ ሪፕሌስ ኦል ስለው ጤና ጤእና ሆነ፣ ዜና ዜእና፣ ገና ገእና፣ ሰው ስንጠራ የምንላት «ና!» ራሷ «እና!» ሆነችብኝ። እባካችሁ ቶሎ። ዋናው ሃሳቤ የአማርኛው -ና ከስዋሂሊው ና ጋር ዘሩ አንድ ነው የሚል ነው፣ እሱም ላይ ካላችሁ ጣል አርጉ

ቀለም77፦ ኮንትሮል ዜድ ተጫን ወንድሜ

የሰዋስው_ሰው፦ ሃሳብሽ ላይ አልስማማም (ወይ ሃሳብህ)። የስዋሂሊው ና «እና»ም «ጋር»ም ነው፣ ግን ከባንቱ ቋንቋዎች ጥንታዊ ምንጭ የወረደ ነው፣ አማርኛ ደግሞ ሴማዊ ነው። ቦታቸውን እየው፣ እነሱ «ባባ ና ማማ» ሲሉ ለብቻው መሃል ይቆማል፣ እኛ «አባትና እናት» ስንል ከኋላ ይለጠፋል፣ ግዕዝ ደግሞ ጭራሽ «ወ»ን ከፊት ነው የሚቀጥለው። ሁለት ድምጽ ያላት ቃል በብዙ ቋንቋ ብትገጣጠም አይገርምም። ኮሪያኛ ና «እኔ» ነው፣ ጃፓንኛ «ስም»፣ ሂንዲ «አይ፣ አይደለም»፣ ሩሲያኛ «ላይ» ነው ደግሞ እጁን ዘርግቶ «ና!» ካለህ «እንካ» ማለቱ ነው። ፖርቱጋልኛ ና «ውስጥ» የሚለው ኤም ከሴት መስተአምሩ (እንደ እንግሊዝኛው «ዘ» ያለው) አ ጋር ተጨፍልቆ የወጣ ነው፣ የግሪኩ ና ከጥንቱ ሂና ተቆርጦ የቀረ ነው። ሁሉም በየራሱ መንገድ መጣ እንጂ ዘመድ አይደሉም።

ቀለም77፦ ግሪክ ደሞ ኔ ካለ «አዎ» ነው፣ ሰርብኛ ኔ «አይ» ነው፣ ሁለቱን ያጋባ ሽማግሌ ይፈረድበታል 😂

ጎረቤት፦ ኮንትሮል ዜድ ሞክረሃል?

ፊደል_ወዳድ፦ ሴቭ አርጌ ዘግቼዋለሁ እኮ!! ደሞ ሴት ነኝ

ባለ_ሌሊት፦ እህቴ አትደንግጪ። መጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አርጊው። ከዛ በኮፒው ላይ ተቃራኒውን አርጊ፣ «እና»ን ፈልገሽ በ«ና» ሪፕሌስ ኦል በይው፣ ሙሉ ቃል ብቻ የሚለው ምልክት ካለ አጥፊው።

ጎረቤት፦ አይሰራም፣ ድሮ የጻፈቻቸው እውነተኛ «እና»ዎች ይጠፋሉ

ባለ_ሌሊት፦ አይጠፉም። እነሱ አሁን «እእና» ሆነዋል፣ አንድ እ ሲነሳላቸው «እና» ይመለሳሉ፣ ጤእናም ጤና ይሆናል። እያንዳንዱ ና ፊት አንድ እ ስለገባ አንድ ማንሳት ብቻ ነው።

የሰዋስው_ሰው፦ ልክ ነው። ለወደፊቱ ግን ኮምፒውተሩ «ሰውና»ን ከ«ጤና» አይለይም፣ አንድ በአንድ እያየሽ ነው መቀየር ያለብሽ። የመጥሪያዋን «ና» ደሞ እንዳትረሺያት፣ ለኔ ከሁሉም የምትጣፍጠው እሷ ናት። ከ«መጣ» አልወጣችም፣ የግዕዙ ነዓ፣ ንዒ፣ ንዑ ናት፣ ዐይኗ (የ«ዐ» ድምጿ) ጠፍታ ና፣ ነይ፣ ኑ የቀረች። ለዛ ነው «አትና» የማይባለው፣ «አትምጣ» እንጂ። ትግርኛ ግን ዐይኗን እስከዛሬ ይዟታል።

ፊደል_ወዳድ፦ ውይ አመሰግናለሁ፣ የስዋሂሊውን ሃሳብ አወጣዋለሁ ይህቺን አስገባለሁ። ግን ከተበላሸ በኋላ ሁለት አንቀጽ ጨምሬበት ነበር ችግር አለው?

ባለ_ሌሊት፦ አለው! እሱን ቀድመሽ መናገር ነበረብሽ። እዛ ውስጥ ያሉት «እና»ዎች ትክክለኛ ስለሆኑ እነሱም «ና» ይሆናሉ። ሁለቱን አንቀጽ ቆርጠሽ ሌላ ፋይል ላይ አስቀምጪ፣ ከዛ ሪፕሌሱን አርጊ፣ በመጨረሻ መልሰሽ ለጥፊያቸው።

ጎረቤት፦ ሰራልሽ?

ባለ_ሌሊት፦ ፊደል_ወዳድ አለሽ? ካልሆነ አንድ ገጽ ላኪልኝና ልየው፣ እስከ ሌሊት አለሁ