ከፓት በፊት የሚደረግ የሙከራ ምት፦ እንዴት ልጠቀምበት?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ጎልፍ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። ግሪን ላይ (ቀዳዳው ያለበት በጣም አጭር ሣር ላይ) ስደርስ እንደ ሌሎቹ ተጫዋቾች ፓተሩን፣ ማለትም ኳሷን ወደ ቀዳዳው የማንከባልልበትን ዱላ፣ ሁለት ሦስቴ በባዶው አወዛውዛለሁ። ግን ምን እንደሚጠቅመኝ በደንብ አልገባኝም። አጭር ፓት (በፓተር ወደ ቀዳዳው የሚመታ ምት) ብዙም አያስቸግረኝም። ራቅ ሲል ግን ኳሷ አንዴ መንገድ ላይ ትቀራለች፣ አንዴ ቀዳዳውን አልፋ ትሄዳለች። በሙከራ ምት ርቀት መልመድ ይቻላል? ደግሞስ እያወዛወዝኩ ኳሷን ሳላስበው ብነካት እቀጣለሁ?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ስታወዛውዝ ዓይንህ የት ነው? ብዙ ጀማሪ መሬት መሬቱን ያያል። እሱ ክንድ ያፍታታ ይሆናል እንጂ ስለ ርቀቱ ምንም አይነግርህም። ከኳሷ አጠገብ ቁም፣ ቀና በል፣ ቀዳዳውን እያየህ አወዛውዝ። ለሰው ኳስ ስትወረውር የምታየው ሰውየውን እንጂ እጅህን አይደለም፤ እጅህ ኃይሉን ራሱ ይመጥናል። «አሁን ይሄኛው ያደርሳታል» የሚል ስሜት ሲመጣልህ በቃ፣ አትድገም። ተጠግተህ ፓተሩን ከኳሷ ኋላ አድርግ፣ ቀዳዳውን አንዴ እይና ምታ። ኳሷ ላይ ቆመህ ከቆየህ ያ ስሜት ይጠፋል። ለእኔ ዋናው ነገር ይሄ ነው።

መልስ 2፦
ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ርቀቱን በጉልበት አትፈልገው። ራቅ ላለ ፓት ፓተሩን ወደ ኋላ ሰፋ አድርገህ ውሰድ፣ ለቅርቡ አሳጥረው፤ ምቱ ግን ሁሌም የተረጋጋ ይሁን። ዳገት ከሆነ ከቀዳዳው አለፍ ያለ ነጥብ እያየህ አወዛውዝ። ቁልቁለት ከሆነ ወዲህ ያለ ነጥብ ምረጥ።

የልምምድ ግሪን ላይ ደግሞ ለጊዜው ቀዳዳውን እርሳው። ወደ ግሪኑ ጠርዝ ምታና ኳሷ ጠርዙ ጋ ደርሳ እንድትቆም ሞክር። ከእያንዳንዱ ምት በፊት አንድ የሙከራ ምት አድርግ፣ ከዚያ ቦታ ቀይር። ከአንድ ቦታ ደጋግሞ መምታት ደስ ይላል፣ ነገር ግን ጨዋታ ላይ ያንኑ ፓት ደጋግመህ አታገኘውም።

መልስ 3፦
ስለ ቅጣቱ ስጋት አይግባህ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ መሠረት ግሪን ላይ ኳስህን በድንገት ብታንቀሳቅሳት ቅጣት የለም። ወደ ነበረችበት መልሰህ ትጫወታለህ። ልትመታት ስላላሰብክም እንደ ምት አይቆጠርብህም። ከግሪን ውጭ፣ ፌርዌይ (ወደ ግሪኑ የሚወስደው የተከረከመ ሣር) ወይም ረጅም ሣር ላይ ግን አንድ ምት ስለሚያስቀጣ እዚያ ትንሽ ራቅ ብለህ አወዛውዝ። ጊዜውንም አስብ፦ ተራህ ደርሶ መጫወት ከቻልክ በኋላ በ40 ሰከንድ ውስጥ እንድትመታ ሕጉ ይመክራል።

ጠያቂው፦
እጅግ አመሰግናለሁ! ለአጭር ፓትም እንዲሁ ላድርግ?

መልስ 1፦
እዚያ ላይ ርቀቱ ቀላል ነው፤ ወሳኙ የፓተሩ ፊት ቀጥ ማለቱ ነው። የቀዳዳው ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ነው፣ የኳሷ 43 ገደማ። ስለዚህ በቅርብ ፓት ቦታው ሰፊ ነው፣ አትጨነቅ። ልምምድ ላይ ሁለት ቲ (ኳስ የሚቀመጥባቸው ትንንሽ ችካሎች) ከፓተሩ ጭንቅላት ትንሽ ሰፋ አድርገህ ትከልና ሳትነካቸው በመሃል አሳልፍ። ጨዋታ ላይ አንድ አጭር የሙከራ ምት ይበቃሃል።