በጊላን ባሬ ሕመምተኛ ላይ የታየ የሶዲየም ማነስ፦ ፈሳሽ ይቀነስ ወይስ ሳላይን ይሰጥ?

ጠያቂ (ጠቅላላ ሐኪም)፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። በጊላን ባሬ ሕመም (የሰውነት መከላከያ የራሱን ነርቮች የሚያጠቃበት ሕመም) እጅና እግሩ የዛለ ሕመምተኛ ሲገባ ሶዲየሙ 133 ነበር፤ ለሕክምናው ኢሚዩኖግሎቡሊን (ፀረ እንግዳ አካላት) በደም ሥር ከተሰጠው በኋላ ግን 125 ሚሊሞል በሊትር ሆኗል። ንቁ ነው፣ ግራ መጋባትም ሆነ መንቀጥቀጥ የለውም፤ የደም ግፊቱ ግን ከፍና ዝቅ ይላል። ለነርቭ ሕመሙ ካርባማዜፒን ይወስዳል። ፈሳሽ እንቀንስ ወይስ ሳላይን (የጨው ውሃ) እንስጥ?

የነርቭ ሐኪም፦ ከሁለቱ በፊት ቁጥሩ እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጡ። ኢሚዩኖግሎቡሊን ፕሮቲን ስለሆነ በደም ውስጥ ሲበዛ የፕላዝማውን የውሃ ድርሻ ያሳንሳል፤ በዚህም ምክንያት ናሙናውን አቅጥኖ የሚለካ የላቦራቶሪ መሣሪያ ሶዲየሙን ካለው በታች አድርጎ ሊያነብ ይችላል። የደም ጋዝ መሣሪያ ሳያቀጥን ስለሚለካ በእሱ ይድገሙት፣ የደም ኦስሞላሊቲም (በደም ውስጥ የሟሙ ነገሮች መጠን) ያስለኩ። ይህ ሳይታወቅ ፈሳሽ መከልከል ኢሚዩኖግሎቡሊኑ ያወፈረውን ደም ይበልጥ አወፍሮ ለደም መርጋትና ለኩላሊት ጉዳት ስለሚያጋልጥ እጅግ ያሳስበኛል።

የኩላሊት ሐኪም፦ እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ መነሻው 133 ስለነበር እውነተኛ ማነስም አብሮ ሊኖር ይችላል። በዚህ ሕመም በብዛት የሚገኘው መንስኤ ሽንትን የሚቆጥበው ሆርሞን ከመጠን በላይ መመንጨቱ ነው፤ ካርባማዜፒንም ይህንኑ ያባብሳል። የደም ኦስሞላሊቲ ከ275 በታች፣ የሽንቱ ከ100 በላይ፣ የሽንት ሶዲየም ከ30 በላይ ከሆነ ወደዚያ ያመለክታል፤ ያኔ ኖርማል (0.9 በመቶ) ሳላይን ቢሰጥ ጨው በሽንት ወጥቶ ውሃው ስለሚቀር ሶዲየሙ ይበልጥ ሊወርድ ይችላል። ጨው በኩላሊት የሚባክንበት ሕመምተኛም ተመሳሳይ የሽንት ውጤት ያሳያል፤ እሱ ግን ፈሳሽ ያጠረው ስለሆነ ሳላይን ያስፈልገዋል። በዚህ ሕመም የደም ግፊት በራሱ ስለሚዋዥቅ ብቻውን አያስተማምንምና የየቀኑን ክብደትና የገባና የወጣ ፈሳሽ መዝገብ ይመልከቱ።

የጽኑ ሕሙማን ነርስ፦ ናሙናው ግሉኮስ ከሚንጠባጠብበት ክንድ እንዳይቀዳ አደራ። መንቀጥቀጥ ወይም የንቃት መቀነስ ከመጣ ግን የመንስኤው ፍለጋ ይቆይና 3 በመቶ ሳላይን፣ ከ100 እስከ 150 ሚሊሊትር፣ በሐኪም ትእዛዝ ወዲያው ይሰጣል። ሶዲየሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 ሚሊሞል በሊትር በላይ እንዳይጨምር በየጥቂት ሰዓቱ እንለካለን፤ በፍጥነት ከወጣ አንጎልን ይጎዳል።

ጠያቂ፦ በጋዝ መሣሪያው 131፣ ኦስሞላሊቲው 271 ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ አብዛኛው መውረድ የመለኪያው ነበር። ፈሳሹን አልቀነስንም፤ ካርባማዜፒኑን በጋባፔንቲን ተክተን፣ ሶዲየሙን በዚያው መሣሪያ እየተከታተልን ነው።