የጎን ጨረሮቼ ግራና ቀኝ አልመጣጠን አሉኝ

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስፋቱ 60 ሳንቲሜትር የሆነ የዲሽ አንቴና የጨረር ሥርጭት (ወደየአቅጣጫው ምን ያህል ኃይል እንደሚልክ) በ10 ጊጋ ኸርዝ እየለካሁ ነው። በሩቅ መስክ (ጨረሩ የመጨረሻ ቅርጹን በሚይዝበት ርቀት) ልለካው ብል ቢያንስ 24 ሜትር ያስፈልገኛል፤ ያለኝ ክፍል ግን 6 ሜትር ነው። ስለዚህ በቅርብ መስክ፣ ማለትም ዲሹ አጠገብ ለክቼ በስሌት ልቀይረው ገባሁበት። ፕሮቡን (የምለካበትን ትንሽ አንቴና) ከዲሹ አፍ 12 ሳንቲሜትር አርቄ፣ 1.2 ሜትር በ1.2 ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ገጽ በየ1.5 ሳንቲሜትሩ እለካለሁ። 6561 ነጥብ ነው፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ በፎሪየር ትራንስፎርም ወደ ሩቅ መስክ እቀይረዋለሁ።

ዋናው ጨረር በጣም ቆንጆ ወጥቷል። የመጀመሪያዎቹ የጎን ጨረሮች (ከዋናው ግራና ቀኝ የሚወጡት ደካማ ጨረሮች) ግን አስጨነቁኝ። የቀኙ ከግራው በ4 ዴሲቤል ይበልጣል። የስሌቱን ኮድ ሦስት ቀን ሙሉ አገላብጬ አየሁት፤ ምንም አላገኘሁበትም። ከየት ልጀምር?

ባለ ኮዱ፦
በየ1.5 ሳንቲሜትሩ ማለት ልክ ግማሽ የሞገድ ርዝመት ነው። ነጥቦቹ ሊራራቁ የሚችሉበት ድንበር ላይ ስለሆንሽ 1.3 ብታደርጊው ይሻላል። የገጹ ስፋት ግን በቂ ነው። በየጎኑ 30 ሳንቲሜትር ስለሚተርፍሽ እስከ 68 ዲግሪ ገደማ ያለውን ውጤት ማመን ትችያለሽ። የፕሮብ እርማትስ (የፕሮቡን የራሱን ተጽዕኖ ከውጤቱ ማውጣት) አድርገሻል? ፕሮቡን 90 ዲግሪ አዙረሽ ሁለተኛውን ፖላራይዜሽንስ (ሞገዱ የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ) ለክተሻል?

ጀማሪዋ፦
አዎ፣ ሁለቱንም።

አሮጌው ፕሮብ፦
እህቴ፣ ኮዱን ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለዪ። ዲሹን በራሱ ዘንግ ላይ 180 ዲግሪ አዙሪና እንደገና ለኪ። ትልቁ የጎን ጨረር ወደ ግራ ከዞረ ችግሩ ከዲሹ ነው። እዚያው ቀኝ ላይ ከቀረ ግን ከመለኪያሽ ነው።

ከመለኪያው ከሆነ እኔ የምጠረጥረው ኬብሉን ነው። በቅርብ መስክ ሥራ ፌዝ (ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ የደረሰበት ቦታ፣ በዲግሪ) ማለት ሁሉ ነገር ነው። በ10 ጊጋ ኸርዝ ፕሮቡ ወደ ዲሹ 0.3 ሚሊሜትር ቢጠጋ እንኳ 3.6 ዲግሪ ያሳስትሻል። ኬብል ሲታጠፍ ደግሞ ከዚያ በላይ ሊያመጣ ይችላል። ፌዙ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል እየጨመረ ቢሄድ ጨረሩ ዘንበል ይላል እንጂ ቅርጹ ብዙም አይበላሽም። በአንድ ጎን ብቻ ዘለል ካለ ግን የጎን ጨረሮችሽ ይዛባሉ።

እንዲህ ፈትሺው። ፕሮቡን ፍቺና የኬብሉን ጫፍ በሾርት (ምልክቱን መልሶ በሚያንጸባርቅ መዝጊያ) ዝጊው። ስካነሩን (ፕሮቡን የሚያንቀሳቅሰውን) እንደ ወትሮው አስኪጂው፤ በኔትወርክ አናላይዘሩ (የምልክቱን መጠንና ፌዝ በሚለካው መሣሪያ) ተመልሶ የሚመጣውን ፌዝ መዝግቢ። ምልክቱ ሄዶ ስለሚመለስ ያየሽውን ለሁለት ማካፈል አትርሺ። እኔ ይህን ሳላደርግ የማንንም የጨረር ሥዕል አላምንም፤ የራሴንም ጭምር።

ጀማሪዋ፦
ሁለቱንም አደረግኩ። ዲሹን ባዞረውም ትልቁ ጨረር ከቀኝ አልተነቃነቀም። ኬብሉን በሾርት ዘግቼ ሳስኬደው ደግሞ እስከ 80 ሳንቲሜትር ድረስ መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር። ከዚያ በድንገት 48 ዲግሪ ዘለለ፤ ለሁለት ሲካፈል 24 መሆኑ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳየው ልክ እዚያ ቦታ ላይ ኬብሉ ከማሰሪያው ሥር እንደ ክርን ይታጠፋል። ማሰሪያውን ወደ ኋላ ሳብኩና ኬብሉ ሰፊ ክብ ሠርቶ እንዲንጠለጠል አደረግኩ። አሁን የግራና ቀኙ ልዩነት ግማሽ ዴሲቤል ነው። አሮጌው ፕሮብ፣ እግዜር ይስጥልኝ! አንድ ነገር ቀረኝ፦ ሥርጭቱ ላይ ትንንሽ ሞገድ መሰል መንቀጥቀጥ አያለሁ።

አሮጌው ፕሮብ፦
ሞገዱ በፕሮቡና በዲሹ መካከል እየተመላለሰ ሊሆን ይችላል። ፕሮቡን ሩብ የሞገድ ርዝመት ማለትም 7.5 ሚሊሜትር አርቀሽ ድገሚው። ሁለቱን የሩቅ መስክ ውጤቶች ወደ አንድ ርቀት አምጥተሽ ከነፌዛቸው አማካኝ ውሰጂ። መንቀጥቀጡ ከዚያ ከመጣ በአብዛኛው ይጠፋል። ካልጠፋ የክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለውን አብዞርበር (ሞገድ የሚውጠውን ሽፋን) እናያለን። ውጤቱን እዚሁ ለጥፊልን።