የዕቅድ ውይይት፦ የቅጥቅጥ ሠሪዎች ዕቃና ትዝታ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሙያውን ዕቃና ትዝታ ለማቆየት ማኅበራችን እሑድ ያነሳውን ረቂቅ እዚህ እናብስለው። በአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ቅጥቅጥ የሚባለውን አውቶቡስ የገነቡ፣ ፒክአፑን ውይይት ታክሲ ያደረጉ የአዲስ አበባ ባትላሜራዎች (የመኪና አካል ቀጥቃጮች) እያረጁ ነው። ዕቃቸውም ለቆራሌው እየተሸጠ ነው። ረቂቁ «አንድ ሙሉ ቅጥቅጥ ገዝተን እናድስ» ይላል። ምን ትላላችሁ?

ባትላሜራው፦ ልፋትህ ይመስገን። ግን ከሙሉ መኪና አንጀምር። ቅጥቅጥ ዛሬም መንገድ ላይ አለ። የሚጠፋው የሠራው እጅ ነው። እኔ ሥራውን የጀመርኩት ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት ብረት) በመቁረጥ ነው። መጀመሪያ አጽሙ ሻንሲው ላይ ይበየዳል፣ ከዚያ ላሜራ ይለብሳል። የጣሪያው ጠርዝ ላይ ያለውን ክብ የሚያወጣ ማሽን አልነበረንም። ከሥር የእንጨት ግንድ፣ ከላይ መዶሻ ነበር። ያስተማሩኝ ሰውዬ በጆሯቸው ነበር የሚሠሩት። የመዶሻው ድምፅ ሲቀየር «በቃ፣ ሳስቷል» ይሉኛል፤ ሳላቆም ከቀረሁ ላሜራው ይቀደዳል። ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው። ተቀጥቅጦ ስለሚሠራ ቅጥቅጥ ተባለ። ያንን ድምፅ ቅረጹልኝ።

ከሶማሌ ተራ፦ ጋሼ ልክ ናቸው፤ ዕቃውንም ግን አንርሳ። የመለዋወጫ መጋዘኔ ውስጥ የድሮዋ ፊያት ታክሲ የሰይቼንቶ ኮፈን (የሞተር ክዳን) አለ፣ ሁለት የላዳ በር አለ፣ ሰማያዊና ነጭ ቀለማቸው እንዳለ ነው። ገዢ ሲመጣ የሚጠይቀኝ በኪሎ ስንት እንደሆነ ብቻ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አሮጌ መለዋወጫ ይወደዳል የሚሉ አሉ። እኔ የማየው ግን የማይሸጠው ሁሉ ወደ ብረት ማቅለጫ ሲሄድ ነው። ኮፈኑንና በሮቹን ለማኅበሩ እሰጣለሁ።

መምህሯ፦ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። እኔ ደግሞ ቃላቱ እንዲመዘገቡ እለምናለሁ። ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ፖርቶመጋላ፣ ባትላሜራ ራሱም፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጋራዥ ውስጥ ገብተው፣ በእኛ አፍ ተገርተው የእኛ ሆኑ። ሙያ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጌታ ወደ ረዳት የሄደው በእነዚህ ቃላት ነው። አንድ ዕቃ ስንረከብ ስሙን ባለሙያው ራሱ ይጥራው፣ ለምን እንደሚያገለግልም ይንገረን። «ውይይት» የሚለው ስም ራሱ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያወራ የወጣ ነው። ይህን የልጅ ልጆቻችን ከየት ይሰሙታል?

ከካሊፎርኒያ፦ እዚህ ያለውን ልንገራችሁ። መኪና አሳማሪዎቹ የባሪስ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያሳመሯት የ1951 መርኩሪ መኪና አለች፣ የባለቤቷን ስም ይዛ ሂሮሃታ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1959 አንድ ወጣት በ500 ዶላር ገዛት። እ.ኤ.አ. በ2022 ጨረታ ላይ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣች። እኔን የሚያስቆጨኝ ዋጋው አይደለም። ገና እንደተሠራች መጽሔቶች ፎቶ አንስተው ጽፈውላታል፣ ሠሪዎቿም በስም ይታወቃሉ። ከቅጥቅጥ ሠሪዎች የስንቱ ስም ተጽፏል? የድምፅ መቅጃውን ዋጋ እኔ እችላለሁ።

ባትላሜራው፦ ተባረክ ልጄ። አንድ ነገር ልጨምር። አንጋፋዎቹን ቀኑን ሙሉ አስቀምጠን ባዶ እጃቸውን አንሸኛቸው። የቀን ገቢያቸውን ትተው ነው የሚመጡት። አበል ይያዝላቸው።

ጸሐፊ፦ ተስማምቻለሁ፣ የእኔን ሐሳብ ትቼዋለሁ። መኪና መግዛቱ ይቅር። አዲሱ ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «ማኅበሩ መጀመሪያ የአንጋፋ ባትላሜራዎችን፣ የብየዳና የቀለም ባለሙያዎችን ድምፅና የእጅ ሥራ ይቀርጻል፤ ለሰዓታቸው አበል ይከፍላል። መዶሻ፣ ግንድ፣ የልክ ቆርቆሮና የአካል ክፍል ከነስሙና ከነታሪኩ ይረከባል። የሰጪው ስም በፈቃዱ ዕቃው ላይ ይጻፋል። ዕቃውን የማቆያ ቦታ እስኪገኝ የአባላት መጋዘን ያገለግላል።»

ከሶማሌ ተራ፦ የእኔ መጋዘን ዝናብ ያስገባል። ክረምት ሳይገባ ጣሪያውን እናድስ፣ አለበለዚያ በሮቹን ዝገት ይበላቸዋል።

ጸሐፊ፦ ይጨመር። ቅዳሜ ጠዋት ቆርቆሮና ምስማር ይዤ እመጣለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ያስተማሩዎትን ሰውዬ ይጠይቁልን። ፈቃዳቸው ከሆነ የመጀመሪያው ቀረጻ ከእሳቸው ይጀምራል።

ባትላሜራው፦ ዛሬ ማታ ቤታቸው እሄዳለሁ። ያቺ ግንድ አሁንም ደጃፋቸው ላይ አለች፣ ይቀመጡባታል።