ኢጂአር ቫልቩን አጽድቼም የሞተር መብራቱ አልጠፋም፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። በናፍጣ የሚሠራ አሮጌ ፒካፕ አለኝ። ከወር በፊት እንጦጦ ዳገት ላይ ጉልበት አጣ። ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ሚኒሞ ላይም (ቆሞ ነዳጅ ሳይሰጠው ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል። በኮምፒውተር ሲታይ ፒ0402 የሚል የብልሽት ኮድ አወጣ፤ ወደ ሞተሩ የሚመለሰው ጭስ በዝቷል ማለት ነው። ከሚወጣው ጭስ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ኢጂአር ቫልቩን ስፈታው ጥላሸት ጠርቅሞ ይዞት አልዘጋ ብሏል። በካርቡሬተር ማጽጃ ነክሬ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ፣ ጋስኬቱን ቀይሬ ገጠምኩት።

ጭሱ ጠፋ፣ ጉልበቱም ተመለሰ። ደስታዬ ግን ሦስት ቀን አልሞላም። አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ፒ0401 ይላል፤ የሚመለሰው ጭስ አነሰ። ቫልቩን በእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ስስበው ይከፈታል፣ ቫኪዩሙንም ይይዛል። ስለዚህ ወይ ማኒፎልዱ (ለሲሊንደሮቹ አየር የሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ ያለው የጭስ መተላለፊያ ተደፍኗል፣ ወይ ቫልቩን የሚከፍተውን ቫኪዩም በኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ሶሌኖይድ ሞቷል ብዬ ጠርጥሬያለሁ። ማኒፎልድ ማውረድ ትልቅ ሥራ ነው። ሳላወርደው የቱ እንደሆነ በምን ልለይ? መልቲሜትር አለኝ።

መካኒኬ «በላሜራ ድፈነውና ተገላገል» ይለኛል። እኔ አልፈልግም። ይህ ዕቃ የተሠራው መርዛማውን ናይትሮጅን ኦክሳይድ ለመቀነስ ነው፤ የከተማችን አየር እንደሆነ የያዘው ጭስ ይበቃዋል። ይህ ያጋጠመው ሰው ከየት እንደምጀምር ቢነግረኝ ውለታውን አልረሳም።